የምታደርስ ያህል

በመኪና መሸጫው ግቢ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ትልቁም ትንሹም "ጋሼ ጀሪካን" ነበር የሚለው። እሱም አይቀየምም፤ እንዲያውም ደስ ይለው ነበር። እናትና አባት የሚያወጡት ስም በነፃ የሚገኝ ነው፤ ይኼኛውን ግን ሠርቶ እንዳገኘው ይቆጥር ነበር።

ሥራው ለሚሰማው ሰው ቀላል ነው። መኪና ተሸጦ ቁልፉ ለገዢው ከመሰጠቱ በፊት ጋሼ ጀሪካን ነዳጅ ይሞላበታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሲሠራው ላየው ግን ቀላል አይመስልም። የሥራ ቱታውን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጀሪካኑን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ሳይቸኩል ይመጣል። የታንኩን ክዳን ከፍቶ ዙሪያውን በንጹሕ ጨርቅ ይጠርጋል። ከተቆረጠ የዘይት ጠርሙስ ራሱ የሠራውን መቅጃ ያስገባል። ከዚያ አንዲት ጠብታ እንኳ የመኪናውን ቀለም ሳትነካ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ እያደረገ ያንቆረቁራል። ሲጨርስ ወገቡን ቀና አድርጎ ገዢውን ፊት ለፊት ያየውና "ሞልቷል፤ በሰላም ይግቡ" ይላል።

ይህን ደንብ ያወጡት የግቢው ባለቤት፣ ሠራተኛው "ትልቁ ሰውዬ" የሚላቸው ሽማግሌ ነበሩ። በጎረምሳነታቸው አንዲት አሮጌ መኪና ገዝተው እየዘፈኑ ሲነዱ፣ ገና ከሰፈሩ ሳይወጡ ቀጥ ብላ ቆመችባቸው፤ መንደሩ ሁሉ እየሳቀ እየገፋ መለሳቸው። ከዚያ ወዲህ "መኪና ሸጥኩ የምለው ገዢው ቤቱ ሲደርስ ነው" ይሉ ነበር። ሌሎች ነጋዴዎች ይስቁባቸዋል። እሳቸው ግን ፎቅ ላይ ካለው ቢሯቸው፣ ጫማቸውን አውልቀው በነጠላ ጫማ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ መኪና በበሩ እስኪወጣ ያያሉ። አንድ ቀን ጋሼ ጀሪካን ቢዘገይ፣ "አንተ ሰው! እንግዳችንን በባዶ ልትሸኘው ነው?" ብለው ግቢውን በጩኸት ሞሉት።

በዝናቡ ወቅት አንድ ከሰዓት በኋላ እዚያው መስኮት ሥር ሞቱ። የዕለቱ የመጨረሻ መኪና ስትወጣ እያዩ ነበር። የግቢው መኪና ሻጭ የሆነችው ሴት ሻይ ይዛ ስትገባ ዓይናቸው በሩ ላይ ነው፤ ስለ ዝናቡ ጥቂት አወራቻቸው፤ የማይመልሱላት ሥራ ላይ ሆነው መሰላት።

ልጃቸው ተተካ። ክፉ ልጅ አልነበረም። በልጅነቱ በቆሙት መኪኖች ውስጥ ተደብቆ መሪ ሲያዞር፣ በአፉም "ቡሩሩሩ" ሲል እየፈለገ የሚያወጣው ጋሼ ጀሪካን ነበር። ግን ንግድ ተምሮ የመጣ ልጅ ነው። ሐዘኑ ወጣ እንዳለ ሠራተኛውን ሰበሰበና ስለ ወጪ ተናገረ።

"አንድ ነገር ልጠይቃችሁ" አለ። "ጫማ የሚሸጥ ሰው ካልሲ ይጨምራል?"

ሻጯ ሳቀች። "ቴሌቪዥን የሚሸጥስ መብራት ይከፍላል?" አለች።

"ይኸውልሽ! ነዳጅ የማደያ ሥራ ነው። የኛ ሥራ መኪና መሸጥ ነው።"

ጋሼ ጀሪካን ከኋላ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። "ካልሲ የሌለው ጫማ ይሄዳል" አለ። "ነዳጅ የሌለው መኪና ግን አይሄድም። ሰውየው ከኛ የገዛው መኪና ነው ወይስ ቤት? ገብቶ ሊቀመጥበት ነው?"

ሁሉም ሳቀ፤ ልጁም ሳይቀር። ሐሳቡን ግን አልለወጠም። "ገብቶኛል ጋሼ። ጨርሶ በባዶ አንሸኘውም። ታች ማደያው ድረስ የምታደርስ ያህል እንጥልበታለን። ከዚያ ወዲያ ራሱ ያውቃል። ወደኛ ሲመጡ ውስጣቸው ነዳጅ ያላቸውን መኪኖች ደግሞ እያደረቅን ለራሳችን ሥራ እንጠቀምበታለን።"

"ማነው የሚያደርቀው?"

"እርስዎ ነዎት እንጂ! ሌላ ማን አለን?"

እንዲህ ሆኖ፣ ዕድሜውን ሲሞላ የኖረ ሰው ማድረቅ ጀመረ። ቀጭን ቱቦ ወደ ታንኩ ይሰድና ተንበርክኮ በአፉ ይስባል። ቤንዚኑ ምላሱን ሲነካው ቱቦውን ወደ ጀሪካኑ ያዞርና ይተፋል። ለተሸጠው መኪና ደግሞ በባዶ የወተት ጣሳ ለክቶ ያቺን የምታደርስ ያህል ይጥልበታል። "በሰላም ይግቡ" ማለቱን ተወ። ጣሳዋን ከጀርባው ደብቆ ነበር የሚመጣው፤ ከጀርባው ደብቆም ነበር የሚሄደው።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ፊቷን ታዞራለች። "ድሮ ልብስህ ነበር ቤንዚን የሚሸተው፤ እሱንስ ለምጄው ነበር" አለችው አንድ ቀን። "አሁን ግን አፍህ ሆነ። አንተ ሰውዬ፣ እኔ ምድጃ ሳቀጣጥል እንዳትናገር አደራህን!"

"ሥራ ነው።"

"አዎ፣ ስትሞላም ሥራ፣ ስታወጣም ሥራ። ነገ ደግሞ ጎማውን አስተንፍስ ይሉሃል።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ነጭ መኪና ነው። ቱቦው አየር ብቻ እስኪስብ ድረስ ራሱ አድርቋት ነበር ወደ ቤቱ የሄደው። በማግስቱ ጠዋት ሻጯ ለአንድ ገዢ ልታሳይ ቁልፉን ስታዞር፣ የነዳጁ መርፌ ተነስቶ ጫፍ ደረሰ። ፉል።

"ጋሼ፣ ልማድህ አልለቀቀህም አይደል?" ብላ ጣቷን ወዘወዘችበት።

"እኔ አይደለሁም።"

"እሺ፣ እኔ ነኝ።"

ነጯ መኪና በዚያው ቀን ተሸጠች።

ጥቂት ቆይቶ ተረኛዋ አንዲት ሰማያዊ ሆነች፤ ከዚያ አንድ ያገለገለ ፒካፕ። አመጣጡ ሁልጊዜ አንድ ነው። ማታ ደርቆ የተቆለፈ መኪና ጠዋት ፉል ሆኖ ይገኛል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ያው መኪና ተሸጦ ይሄዳል። ሌሎቹን የሚነካቸው የለም።

ጋሼ ጀሪካን ዘበኛውን ያዘው። "ማነው ሌሊት የሚገባው?"

"ድመት ናት። ድመት ደግሞ ፉል አታደርግም" አለ ዘበኛው። ከዚያ ሳቁን ዋጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትስቅብኝ። ሊነጋጋ ሲል ከመኪኖቹ መካከል ሲቀዳ እሰማለሁ። ቡልቅ፣ ቡልቅ ይላል። አንተ በጊዜ የገባህ መስሎኝ 'ጋሼ!' ብዬ ተጣራሁ።"

"እና?"

"ቆመ። የሚቀዳው ቆመና ዝም አለ። የሚያዳምጥ ሰው እንዴት ዝም ይላል? እንደዚያ። ከዚያ ደግሞ ቀስ ብሎ ቀጠለ። እኔም ወደ ጎጆዬ ገብቼ በሬን ቀረቀርኩ።"

ወሬው ልጁ ጆሮ ሳይደርስ አልቀረም። ወደ ቢሮ ጠራው። በአባቱ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ መስኮቱን ግን በወፍራም መጋረጃ ጋርዶታል።

"ጋሼ፣ አባቴን ይወዱት እንደነበር አውቃለሁ። ግን ትእዛዜን በስውር ማፍረስ ምን ይሉታል? ቤንዚኑን ከየት ነው የሚያመጡት? ከመጋዘኔ ከሆነ ስርቆት ነው።"

"ስርቆት?" ጋሼ ጀሪካን ቃሉን ደገመው፤ የሌላ አገር ቋንቋ ሆነበት። "ልጄ፣ የሚሰርቅ ሰው ያወጣል እንጂ ይጨምራል?"

"እኔ አላውቅም። ከእንግዲህ አንድ መኪና ፉል ሆኖ ካገኘሁ ለፖሊስ ነው የማመለክተው። ሌባ ብዬ ነው የማስወጣዎት።"

ከደረጃው ወረደ። ሥራውን ማጣት ያስፈራዋል፤ በዚህ ዕድሜው ማን ይቀጥረዋል? ያቺ ቃል ግን ከሥራውም በላይ አስፈራችው። ባለሱቁ ሚስቱን "የማን ሚስት እንደሆንሽ አውቃለሁ፤ ውሰጂ" ብሎ በዱቤ የሚሸኛት በሱ ስም ነው። ጎረቤት መንገድ ሲሄድ ቁልፉን ለሱ ነው ትቶ የሚሄደው። አንገቱን ቀና አድርጎ የገባበትን በር ሌባ ተብሎ ሊወጣበት ነው? ከዚያስ መሬት ብትውጠው ይሻለዋል።

እናም መላ አበጀ። ከሁሉ ቀድሞ፣ ወፎች ሲንጫጩ ግቢ ይገባል። ቁልፎቹን ከሰሌዳው አውርዶ በየመኪናው እየገባ ያዞራል፤ ነዳጅ የለም የሚለውን መብራት ያያል። ቀይ መብራት። ቀይ መብራት። ቀይ መብራት። ከዚያ አንዱ ላይ መርፌው ቀስ ብሎ፣ ያለ ችኮላ፣ ይነሳል። ወርዶ፣ ተንበርክኮ፣ ቱቦውን ሰድዶ ይስባል።

ቤንዚኑ ለብ ያለ ነበር። በዚያ ብርድ፣ የመኪናው ቆርቆሮ እጅ በሚያደነዝዝበት ጠዋት፣ ወደ አፉ የሚመጣው ቤንዚን ሰው አሁን ገና በብብቱ አቅፎ ያመጣው ያህል ሙቀት አለው። መጀመሪያ ቀን ተፍቶ ሲያበቃ ለረጅም ጊዜ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቢሆንም አደረቀው። በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ አደረቀ።

ሌሎቹ ሲመጡ መኪኖቹ ሁሉ ባዶ ናቸው፤ እሱም አፉን በሳሙና ታጥቦ ቆሟል። ልጁ ፈገግ ይልለታል። ለጋሼ ጀሪካን ግን ሌላ ጭንቅ መጣበት፤ ገዢው ገና በበሩ ሲገባ የትኛዋን ይዞ እንደሚሄድ እሱ ቀድሞ ያውቃል። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ቀይ መኪና ላይ ዓይኑን ጣለ። ዞሮ አየ፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ተስማማ። ያን ጠዋት ጋሼ ጀሪካን ያደረቀው ግን ግራጫዋን ነበር። "ዛሬስ ተሳሳትክ" አለ በሆዱ፤ ማንን እንደሚያናግር ግን አያውቅም። ሰውየው እስክሪብቶ ይዞ ሊፈርም ሲያጎነብስ፣ አንድ ሰው ትከሻውን የነካው ይመስል ቀና አለ።

"ያቺ ግራጫዋስ?" አለ።

ጋሼ ጀሪካን ወደ ፎቁ መስኮት ቀና ብሎ ማየት የተወው ያን ቀን ነው።

ከዚያ ጉም የወረደበት ቀን መጣ። ግቢው ውስጥ ያሉት መኪኖች የፊቶቹ ብቻ ነበሩ የሚታዩት፤ የኋላዎቹን ጉሙ ውጧቸዋል። ያን ጠዋት ፉል ሆና የተገኘችው አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መኪና ነበረች። አደረቃት። የወጣው ቤንዚን ጀሪካኑን እስከ አፉ ሞላው፤ ክዳኑን አጥብቆ መጋዘኑ በር ሥር አኖረው።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ሴት መጣች። አስተማሪ ናት፤ የመጀመሪያ መኪናዋን የምትገዛ ሰው ሆና ትስቃለችም ትፈራለችም። ሻጯ "ይቺን እይ፣ ያቺን እይ" ብትላትም አልሰማቻትም፤ በቀጥታ ወደ አረንጓዴዋ ሄደች። ተዋዋለች፤ ቁልፍ ተቀበለች። ጋሼ ጀሪካን ጣሳዋን ገልብጦ ክዳኑን ሲዘጋ አጠገቡ መጥታ ቆመች።

"አባባ፣ ነዳጅ አላት?"

ገዢ እንዲህ ፊት ለፊት ጠይቆት አያውቅም ነበር። ሁሉም ሲያዩት የሚሞላ ሰው ይመስላቸዋል።

"ታች ማደያው ድረስ ታደርስሻለች" አለ፣ ዓይኑን ከዓይኗ አሽሽቶ።

"ሩቅ መንገደኛ ነኝ እኮ። እናቴ ብቻዋን ናት፤ ታማብኝ ላመጣት ነው የምሄደው። ዛሬውኑ ካልደረስኩ..."

"ማደያው ቅርብ ነው ልጄ። እዚያ ፉል ታስደርጊያለሽ።"

"እርስዎ ካሉ እሺ" አለች። አመነችው።

መኪናዋ ጉሙ ውስጥ ስትገባ የኋላ መብራቷ ጥቂት ቀላ፤ ከዚያ ጠፋ። ዘበኛው በሩን እየዘጋ፣ "ይቺ ደግሞ የት ልትቀዳ ነው?" አለ። "ታች ማደያው እኮ ነዳጅ አልመጣለትም። ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወርድ ገመድ ወጥረውበት አየሁት።"

"ምን አልክ?"

"ዝግ ነው አልኩህ! ከሱ ወዲያ ደግሞ ድልድዩን እስክትሻገር ምንም የለም። ምነው? ፊትህ አመድ መሰለ።"

ጋሼ ጀሪካን ማንንም አላስፈቀደም። ከመጋዘኑ በር ሥር ጀሪካኑን አንስቶ፣ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ቁልቁለቱን ወረደ። ማደያው ደጃፍ በእርግጥ ገመድ ተወጥሯል። ቀጂው ወንበር ላይ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ተቀምጧል።

"አረንጓዴ መኪና አይተሃል?"

"ቅድም ጠየቀችኝ፤ የለም አልኳት። ወደፊት ቀጠለች።"

ሮጠ፤ የሱ ዓይነቱ ሩጫ ከተባለ። መንገዱ በአንድ ፋብሪካ ረጅም አጥር ሥር ያልፋል። አጥሩ አልቆም ጉሙ አላለቀም፤ እንዲያውም ወፈረ። የገዛ እግሩን ማየት አቃተው። በዚያ መንገድ ሁልጊዜ የጭነት መኪና ይተራመስበታል፤ ያን ቀን ግን ከራሱ ትንፋሽ በስተቀር የሚሰማ ነገር የለም። አንዲት የቆመች መኪና፣ በጉም ውስጥ፣ የጭነት መኪና በሚበርበት መንገድ ላይ። ይህን እያሰበ ነው የሚሮጠው።

ያን ጊዜ ሰማው። ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ።

ቀጥ ብሎ ቆመ። ቤንዚን ሸተተው። የራሱ ጀሪካን የሚያፈስ መስሎት ክዳኑን ዳሰሰ፤ እንደጠበቀ ነው። እሱ ሲቆም ከፊት ያለውም ድምፅ ቆመ። ዝም አለ። ዘበኛው እንደነገረው፣ የሚያዳምጥ ሰው ዝምታ ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ ቀጠለ፤ ጨረሰም። ክዳን ሲዘጋ ተሰማ።

ከአጠገቡም አንድ ሰው አለፈ። አላየውም። ጉሙ ብቻ ተከፍሎ ተመልሶ ተዘጋ፤ ለብ ያለ አየር ጉንጩን ዳበሰው።

ጥቂት እንደሄደ መኪናዋን አገኛት። ዳር ይዛ ቆማለች፤ ሞተሯ ይሠራል። ሴትዮዋ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

"አባባ! ይህን ሁሉ መንገድ በሩጫ? እኚያ ሰውዬ እውነታቸውን ነው ለካ።"

"የትኛው ሰውዬ?"

"አሁን የሞሉልኝ ናቸዋ! መኪናዋ ቀጥ ስትልብኝ መሪው ላይ ተደፍቼ ሳለቅስ መስኮቱን አንኳኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ጀሪካን ይዘዋል። ምስኪን፣ ከቤት ድንገት እንደወጣ ሰው በነጠላ ጫማ ናቸው። ሳልለምናቸው ሞሉልኝ። ልክፈል ብላቸው 'የሸጥኩትን ነው የማስረክበው' አሉኝ።"

ጋሼ ጀሪካን የመኪናዋን በር ያዘ። "ሌላስ? ሌላ ምን አሉሽ?"

ትንሽ አመነታች። "'ከኋላዬ አንድ ሰው እየሮጠ ይመጣል፤ እንዳትቆጪው' አሉኝ። 'ሠራተኛዬ ነው። ፈርቶ ነው እንጂ ክፉ አይደለም።' አሁን በአጠገብዎ ነው ያለፉት እኮ፤ አልተያያችሁም?"

መርፌውን አየ። ጫፍ ላይ ነው። "ሂጂ ልጄ" አለ። "እናትሽን ድረሺላት። በሰላም ግቢ።"

ስትሄድ እዚያው ቀረ። ጀሪካኑ እንደሞላ ትከሻው ላይ ነው። ብዙ ነገር ተብሏል በዕድሜው፤ ግትር ተብሏል፣ ኩሩ ተብሏል። ፈሪ ያለው ሰው ግን አልነበረም። የሚያሳፍረው ደግሞ የተባለው በቁጣ አለመሆኑ ነው። ትልቁ ሰውዬ በሕይወት ሳሉ ከላይ ሆነው እንደሚጮሁበት ጮኸውበት ቢሆን ኖሮ በቀለለው። ሳይቆጡት፣ የማያውቋትን ሴት ይቅርታ ጠየቁለት።

ግቢው ሲመለስ ልጁና ሻጯ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁታል።

"የት ነበሩ? በሥራ ሰዓት የኔን ቤንዚን ይዘው የት ነበሩ?" አለ ልጁ።

ሁሉንም ነገረው። በየጠዋቱ ስለሚያደርቀው፣ ለብ ስለሚለው ቤንዚን፣ ስለ ሴትዮዋ፣ ስለ ነጠላ ጫማው፣ የተባለውንም ቃል ሳይቀንስ። ሻጯ አፏን በእጇ ያዘች። ልጁ መጀመሪያ የሚስቅ መሰለ፤ ከዚያ ፊቱ ጠቆረ።

"ሌላ ውሸት አጥተው ነው? አባቴን በሞቱስ አያሳርፉትም? ቱታውን አስቀምጠው ይውጡ። ለፖሊስ የማልናገረው ስላሳደጉኝ ነው።"

ጋሼ ጀሪካን ቱታውን አወለቀ፤ አጥፎ ለሻጯ ሰጣት። ጀሪካኑን እዚያው በሩ ሥር ተወው። "ጋሼ..." አለች ሻጯ፣ ቱታውን እንደታቀፈች። ዘበኛው ከተቀመጠበት ተነስቶ በሩን ከፈተለት።

"ሌባ አሉህ?" አለች ሚስቱ፣ ገና ሳይቀመጥ።

"ውሸታም ነው ያሉኝ።"

"ውሸታም ይሻላል" ብላ ውሃ አመጣችለት። ነገሩን ሁሉ ሲነግራት ሳትስቅ ሰማችው። ሲጨርስ "እውነታቸውን ነው" አለች። "ፈርተህ ነበር። እኔም ሳይህ ነበር።"

ጥቂት ቀናት አለፉ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በሩ ተንኳኳ። ልጁ ነበር፤ ብቻውን፣ በእግሩ ነው የመጣው። ጢሙን አልተላጨም። ሚስትየው ወንበር ሰጠችው፤ አልተቀመጠም።

"ጋሼ፣ እርስዎ ከወጡም በኋላ አልቆመም" አለ። "ዘበኛው እየነገረኝ አላመንኩም። ዛሬ ሊነጋ ሲል ገብቼ አንዷ ውስጥ ተቀመጥኩ። በልጅነቴ የምደበቅ እንደነበረው። ቁልፉን አዞርኩ፤ ቀዩ በራ። ከዚያ..." እጁን አነሳና እንደ መርፌ ቀስ አድርጎ አጋደመው። "ዓይኔ እያየ ተነሳ። ከኋላዬ ይቀዳል። ይሰማኛል። መስታወቱ ፊቴ ላይ ነው፤ ቀና ብል አየዋለሁ።"

"አየሃቸው?"

"አላየሁም" አለ። "ፈራሁ ጋሼ። አባቴን ፈራሁ።"

ሚስትየው መብራቱን አበራች።

"ሴትዮዋ" አለ ልጁ በመጨረሻ። "አባቴ ስለ እኔ የነገራት ነገር አለ?"

ጋሼ ጀሪካን አየው። አንድ ቃል ፈጥሮ ቢሰጠው ልጁ አሁኑኑ ያምናል፤ ምን ቃል እንደሚርበውም ያውቃል። ያን ቃል የሚሰጠው ግን እሱ አይደለም። "አልነገረችኝም" አለ። "ስለ አንተ አልነገረችኝም ልጄ።"

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። "ነገ ይምጡልኝ" አለ። "እንሙላ። ለሁሉም፣ እንደ ድሮው።"

በማግስቱ ጋሼ ጀሪካን ቱታውን እስከ አንገቱ ቆልፎ ገባ። የሻጯ ደስታ ለጉድ ነው፤ "የጎደለን ጋሼ ጀሪካን ነበር እንጂ ቤንዚኑስ ሞልቶን ነበር!" ብላ ግቢውን አሳቀችው። ልጁ ግን አልሳቀም። ቁልፎቹን ሁሉ ይዞ ከመኪና መኪና እየገባ ያዞራል። ቀይ መብራት። ቀይ መብራት። መጨረሻው ድረስ ቀይ መብራት ነው። ከመጨረሻዋ ሲወርድ ትከሻው ወድቆ ነበር። የፈራው ነገር አለመምጣቱ ከመምጣቱ ይልቅ ከበደው።

ረፋዱ ላይ አንድ ሽማግሌ ገዢ መጣ፤ አንዲት ያገለገለች ቡናማ መኪና ወሰደ። ጋሼ ጀሪካን ጀሪካኑን ሞልቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ ዙሪያውን ጠርጎ፣ መቅጃውን አስገባና ጀሪካኑን አነሳ። አንስቶም ቆመ። እንደገና መሬት አስቀመጠው፤ ውስጡን አየ፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ደግሞ አነሳው።

"ና እስቲ" አለ ልጁን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ና፣ በዚህ በኩል ያዝልኝ።"

ልጁ እጅጌውን ሰብስቦ መጣና ጀሪካኑን በሌላው ጎን ያዘ። ሊከብደው ነው ብሎ ወገቡን አጠበቀ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

"ጋሼ" አለ በሹክሹክታ። "ይቀላል እኮ። ሙሉ አይደለም እንዴ?"

"ሙሉ ነው።"

ቤንዚኑ ቡልቅ፣ ቡልቅ እያለ ይወርዳል። ጀሪካኑን ከሥሩ ሌላ እጅ ደግፎታል፤ ሁለቱም ያውቁታል። ልጁ አጥብቆ ያዘ። እንዳያልቅበት ይመስል ቀስ አድርጎ ነው የሚያዘነብለው።

"ሞላ?" አለ ገዢው ከዚያ ማዶ።

"ትንሽ ቀርቷል" አለ ልጁ።

ሁለቱም ዝቅ ብለው አላዩም።